ስለ በረትና ስለ ምንጭ፤ የከብት አዛባ በሰው ጤና ላይ ስለሚያመጣው ጕዳትና ይህን በመከላከል ረገድ ስላለው የሹማምንት ድርሻ

ከብት ላለው አገር አዛባ ራሱ ሀብት ነው። ይህን ለገበሬ ማስተማር አያስፈልግም፤ ገበሬው ከሁሉ አስቀድሞ ያውቀዋልና። የላምና የበሬውን እርጥብ እበት፣ የደረቀውን ኩበት፣ የፈረስና የበቅሎውን ፋንድያ፣ የበግና የፍየሉን በጠጥ፣ የዶሮውን ኩስ፣ ከገለባና ከሽንት ጋር ተቀላቅሎ የበሰለውን ፍግ እያለ ለእያንዳንዱ ስም ማውጣቱ፣ ሁሉንም ለየብቻው ለይቶ እንደሚሠራበት ያስረዳል። በእበት አውድማውን ይለቀልቃል፣ ጎታውን ይመርጋል፤ በኩበት እንጀራውን ይጋግራል፤ በፍግ የጓሮውን ጎመንና ገብስ ያበቅላል። ስለዚህ «አዛባ ርኩስ ነገር ነውና አስወግዱ» እያለ በየገበያው የሚያስነግር ሹም ቢኖር፣ ሕዝቡ ፊት ለፊት «እሺ ጌታዬ» ይለዋል፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ይሥቅበታል። መሣቁም አያስወቅሰውም።

ነገር ግን ይህ ሀብት ቦታውን ሲስት ሰውን ይገድላል። አዛባ በማሳ ላይ ሲሆን እህል ነው፤ በመጠጥ ውሃ ውስጥ፣ በሕፃን እጅ ላይ፣ ወይም አሁን በተወለደ ልጅ እትብት ላይ ሲደርስ ደግሞ በሽታ ነው። አዛባ ቦታውን እንዲስት የሚያደርገው ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ብዙ ሰው ጣቱን ወደ ገበሬው ይቀስራል። በእውነቱ ግን ከጥፋቱ የሚበዛው ድርሻ አገር በሚያስተዳድሩትና ብዙ መሬት ብዙ ከብት ባላቸው ሰዎች ዘንድ ይገኛል።

ለዚህ በየጊዜው የሚታየውን ነገር ማንሳት ይበቃል። አንድ ትልቅ ሹም በመንደር በኩል ያልፋል ተብሎ ወሬ ሲሰማ፣ የበታቹ ሹም ደጁ ሁሉ እንዲጠረግ ያዛል፤ ያልጠረገም መቀጫ ይከፍላል ይላል። ገበሬው በሁለት ቀን ውስጥ የብዙ ወር አዛባ ከደጁ ዝቆ በቅርብ ወዳለው ሸለቆ ይጥለዋል። ትልቁ ሹም መጥቶ የጠዳ ደጅ አይቶ፣ አመስግኖ ይሄዳል። ከሳምንት በኋላ ዝናም ሲዘንም በሸለቆው የተጣለው አዛባ በጎርፍ ተጠርጎ ከታች ወዳለው ምንጭ ይገባል። በታችኛው መንደር ልጆች ተቅማጥ ሲይዛቸው «የክረምት በሽታ ነው» ይባላል እንጂ የሹሙ ጕብኝት ያመጣው ነው የሚል አይገኝም። ደጁ ጠድቷል፤ መቀጫውም ተሰብስቧል፤ ምንጩ ግን ተበላሽቷል።

እንዲህ ያለው ነገር የሚደርሰው ባልሠለጠነ አገር ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር፣ በካናዳ የሆነውን ይስማ። (እዚህ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) ኦንታሪዮ በሚባለው ግዛት ዎከርተን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ2000 ዓ.ም. 4,800 ያህል ሰው ይኖርባት ነበር። ከተማይቱ የምትጠጣው ውሃ ከጉድጓድ በመኪና እየተሳበ በቧንቧ ለየቤቱ የሚታደል ነበር። ከጉድጓዶቹ አንዱ፣ አምስተኛው ጉድጓድ የሚባለው፣ በ1978 የተቈፈረ ሲሆን፣ ውሃውን የሚያገኘው ከስምንት ሜትር በማይዘልቅ ጥልቀት ላይ ካለ ስንጥቅ ዐለት ነው። በአጠገቡም ከብት የሚረባበት እርሻ ነበረ። የእርሻው ጌታ፣ ዝናሙ ከመምጣቱ ከጥቂት ሳምንት በፊት፣ እንደ አገሩ ልማድና እንደ ደንቡ የከብቱን ፍግ በማሳው ላይ በትኖ ከአፈር ጋር አዋሕዶት ነበር።

በሜይ ወር ከ8 ጀምሮ እስከ 12 ቀን ድረስ ብርቱ ዝናም ዘነመ። ውሃው በፍጉ ውስጥ የነበሩትን ረቂቅ ተሐዋስያን ይዞ በአፈሩና በስንጥቁ ዐለት ሰርጎ ወደ ጉድጓዱ ገባ። ተሐዋስያኑ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንደኛው ኢ. ኮላይ ኦ157 የሚባለው፣ ሁለተኛው ካምፒሎባክተር የሚባለው ነው። ኢ. ኮላይ ኦ157 በሰው ላይ በሽታ እንደሚያመጣ የታወቀው በ1982 ነው። ይህ ተሐዋስ በላም አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ ላሟን ግን ምንም አያደርጋትም። ስለዚህ «ከብቶቼ ጤነኞች ናቸውና አዛባቸው አይጐዳም» ማለት አይቻልም። ጠጕሯ የሚያብረቀርቅ፣ ወተቷ የሚትረፈረፍ ላም፣ ሕፃንን የሚገድል ነገር በአዛባዋ ልታወጣ ትችላለች። ከብት አርቢ ሁሉ ይህን አንድ ነገር ቢያውቅ፣ ከሌላው ብዙ ምክር ይበልጥ ይጠቅመዋል።

በዎከርተን 2,300 ያህል ሰዎች ታመሙ፤ ሰባት ሞቱ። በ27 ሰዎች ላይ ደግሞ ደምንና ኵላሊትን የሚያበላሽ ብርቱ ሕመም ደረሰ፤ ከነዚህም የሚበዙት ሕፃናት ነበሩ።

አሁን ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ መመልከት ይገባል። በከተማይቱ ውሃ ላይ ተሹመው የነበሩት ሁለት ወንድማማች ናቸው። ሥራቸው በውሃው ውስጥ ተሐዋስያንን የሚገድለውን ክሎሪን በሚገባው ልክ መጨመር፣ የቀረውንም ክሎሪን በየቀኑ እየለኩ በመዝገብ መጻፍ ነበር። እነርሱ ግን ለብዙ ዓመታት ክሎሪኑን አሳንሰው ሲጨምሩ፣ ሳይለኩም በመዝገቡ ላይ ከልባቸው ያመነጩትን ቍጥር ሲጽፉ ኖረዋል። በሜይ 17 ቀን ውሃውን የመረመረው ላቦራቶሪ ውሃው መበከሉን ቢያስታውቃቸው ነገሩን ሸሸጉት። በ19 ቀን የጤና ጥበቃው መሥሪያ ቤት፣ ልጆች ደም እየተቀመጡ ወደ ሐኪም ቤት መምጣታቸውን ሰምቶ ቢጠይቃቸው፣ ውሃው ደኅና ነው ብለው መለሱ። በ21 ቀን ግን የጤናው መሥሪያ ቤት የእነርሱን ቃል መጠበቁን ትቶ፣ ውሃ ሳይፈላ እንዳይጠጣ አወጀ። የጎርፉ ውሃ ወደ ጉድጓዱ ከገባ ወዲህ በዚያን ጊዜ ዘጠኝ ቀን ሆኖ ነበር።

ይህን ነገር እንዲመረምር የተሾመው ዳኛ ዴኒስ ኦኮነር ነው። የምርመራው የመጀመሪያ ክፍል በ2002 ወጣ። ዳኛው በከብቶቹ ጌታ ላይ ነቀፌታ አላገኘበትም፤ ያደረገው ሁሉ ደግ ገበሬ የሚያደርገውን ነውና። ነቀፌታው ያረፈው ውሃውን በሚጠብቁት፣ እነርሱንም መቈጣጠር ሲገባው በሚገባ ባልተቈጣጠረው የግዛቱ መሥሪያ ቤት፣ ለቍጥጥሩ የሚያስፈልገውን ገንዘብ በቀነሰው የግዛቱ መንግሥት ላይ ነው። በጉድጓዱ ላይ ክሎሪኑንና የውሃውን ድፍርስነት ሳያቋርጥ የሚለካ መሣሪያ ቢተከል ኖሮ አደጋው ባልደረሰ ነበር ሲልም አስረድቷል። በ2004 ሁለቱ ወንድማማች በፍርድ ቤት ጥፋታቸውን አምነው፣ አንዱ የአንድ ዓመት እስራት፣ ሌላው ከቤቱ ሳይወጣ የዘጠኝ ወር እስራት ተፈረደባቸው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው፣ ሁለቱ ሰዎች ከዚያው ውሃ ይጠጡ የነበሩ መሆናቸው ነው። ሰው ለመግደል አላሰቡም። ውሃው ጥንትም ደኅና ነበረ፣ ዛሬም ደኅና ነው ብለው በልማድ አምነው ነበር። በመዝገብ ላይ የተጻፈ ቍጥርና በጉድጓድ ውስጥ ያለ ውሃ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደ ሆኑ ረሱ። በየመሥሪያ ቤቱ መዛግብት «በወረዳው ያሉት ምንጮች ሁሉ ንጹሓን ናቸው» የሚል ራፖር ሲነበብ፣ ከነዚህ ምንጮች ስንቱን ጸሐፊው በዓይኑ አይቷል ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

«ይህ የመኪና ጉድጓድና የክሎሪን ነገር ነው፤ ለደጋ መንደር ምን ይረባዋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። የሚረባውስ ለደጋ መንደር ነው። የዎከርተን ሕዝብ በከብቱ አዛባና በአፉ መካከል ዐለትና አፈር፣ ቧንቧና ክሎሪን ነበረው፤ ያም ሁሉ ሆኖ ጠባቂው ቸል ቢል ሰባት ሰው ሞተበት። ባልታጠረ ምንጭ ግን ሴቲቱ እንስራዋን የምትሞላበትና ከብቱ የሚጠጣበት ስፍራ አንድ ነው። ከብቱ እስከ ጕልበቱ ገብቶ ይቆማል፤ እየጠጣም ይጥላል። እረኛው ከዚያው ይጠጣል። በአዛባውና በሕፃኑ አፍ መካከል ያለው ነገር እንስራው ብቻ ነው።

ይህን ለማረም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ምንጩ ከሚፈልቅበት ዐይን ላይ በድንጋይ ተገንብቶ ይከደናል፤ ውሃውም በቧንቧ ወይም በአሸንዳ ወደ ውጭ ይወርዳል። ዙሪያው በእሾህ፣ በቍልቋል ወይም በካብ ይታጠራል። ከምንጩ በላይ፣ በዳገቱ በኩል፣ የጎርፉን ውሃ ወደ ጎን የሚያሳልፍ ቦይ ይቈፈራል፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ቦይ ነው፤ አጥሩ ላሚቱን ይከለክላል እንጂ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ አይከለክልምና። ትርፉ ውሃ ከአጥሩ ውጭ፣ ወደ ታች ርቆ፣ ለከብት ገንዳ ይሞላል። ገንዳው እጅግ አስፈላጊ ነው። ገንዳ ሳይሠሩ ምንጭ ማጠር፣ ገበሬውን አጥሩን እንዲያፈርስ ማዘዝ ነው፤ ከብቱ በጥም ሲጮኽ እየሰማ የሹም አጥር የሚያከብር ሰው የለም። በረትና የፍግ ክምር ከምንጩ በታች፣ ቢያንስም 30 ሜትር ርቆ ይሁን። ይህ ሁሉ እስኪሠራ ውሃውን አፍልቶ መጠጣት ያስፈልጋል። ውሃ በደጋ አገር በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ከፍ ባለ ስፍራ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት።

ከምንጩ ይልቅ የሚከብደው የቤቱ ነገር ነው። «ከብትህን ከምትተኛበት ቤት አውጣ» የሚለው ትእዛዝ ተደጋግሞ ተነግሯል። ትእዛዙ በራሱ መልካም ነው፤ ጋጥና መኝታ አንድ በሆኑበት ቤት ሕፃኑ የሚድኸው በእበት ላይ ነው፤ እጁንም ወደ አፉ ያደርጋል። ገበሬው ግን ከብቱን በቤቱ የሚያሳድረው ንጽሕናን ስለማያውቅ አይደለም። ሌባን፣ ጅብንና ብርድን ፈርቶ ነው። አንድ ጥማድ በሬ ብቻ ያለው ሰው፣ በሬዎቹ በአንድ ሌሊት ቢሰረቁበት የዓመቱ እርሻ ቀረ ማለት ነው፤ ልጁ በተቅማጥ ቢታመም ግን ይድናል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ይህን ሒሳብ የሠራ ሰው ሞኝ አይደለም።

ስለዚህ «አውጣ» የሚል ሹም፣ የወጣውን ከብት ማን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ መናገር አለበት። ባለፈው ዓመት በሚያስተዳድረው አገር ስንት ከብት እንደ ተሰረቀ፣ ከተሰረቀውስ ስንቱ ተፈልጎ ለጌታው እንደ ተመለሰ ይቍጠር። የተመለሰው ጥቂት ከሆነ፣ በረት ከቤት እንዲለይ ማዘዝ ለሌባ በር መክፈት ነው። የከብት ሌባን መያዝ የጤና ጥበቃ ሥራ ነው ቢባል ቀልድ አይደለም፤ ሌባ በሌለበት አገር በረት በራሱ ጊዜ ከቤት እየራቀ ይሄዳል። ጎረቤታሞች ተባብረው ደረት የሚደርስ ካብ ያለው፣ በላዩም እሾህ የተደረገበት አንድ በረት ቢሠሩና ተራ ገብተው በውሻ ቢጠብቁ፣ አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን ዐምስት ሰው ይችለዋል። ሹሙም ተራ ጥበቃውን በደንብ ቢያጸናና የጎደለውን ቢቈጣጠር፣ መቀጫ ከመሰብሰብ የተሻለ ሥራ ሠራ ይባላል።

ይህ በማይሆንበት ስፍራ መካከለኛ መንገድ አለ። በጋጡና በመኝታው መካከል እስከ ጣራ የሚደርስ ግድግዳ ይቁም፤ ከብቱ የሚገባበት በር ከሰው በር ይለይ፤ የጋጡ ወለል ወደ ውጭ ያዘቀዘቀ ሆኖ የሽንቱ ማሳለፊያ ይኑረው፤ አዛባውም ሕፃናት ከመኝታቸው ሳይነሡ በየማለዳው ይዛቅ። አዛባ የዛቀች እጅ ሊጥ ከመንካቷ በፊት በሳሙና፣ ሳሙና ባይገኝ በውሃና በዐመድ መታጠብ አለባት። ፍጹም የሆነው እስኪደርስ ድረስ ይህን ማድረግ ብዙ ነው። «ሁሉን አድርግ፣ ያለዚያ ትቀጣለህ» የተባለ ሰው ግን ምንም ሳያደርግ መቀጫውን መክፈል ይመርጣል።

ባለ ሀብቶችም በዚህ ነገር ዝም ብለው የሚያልፉ አይደሉም። ከብቱን በድኻ ቤት ለርቢ አሳድሮ ጥጃውን የሚካፈል ሰው አለ። ውሉ ሲዋዋል ስለ ጥጃውና ስለ ቅቤው በዝርዝር ይነጋገራል፤ ከብቱ የት እንደሚያድር ግን አይነሣም። በጠባብዋ ጎጆ ከሰዎች ጋር ያድራል። ትርፉ ለሁለት ሲከፈል አዛባውና ተቅማጡ ግን ሳይከፈል ለአንዱ ይቀራል። የበረቱን እንጨትና የጣራውን ሣር ባለ ከብቱ ቢሰጥ ከአንድ ጥጃ ዋጋ የሚበልጥ አያወጣም፤ ከብቱም ደረቅ ስፍራ ላይ ያደረ እንደ ሆነ ለራሱ ይጠቅመዋል።

ከዶሮ የሚመጣውም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ዶሮ ትንሽ ፍጥረት ስለ ሆነች ኩሷን ማንም አይቈጥረውም፤ ዳሩ ግን ካምፒሎባክተር የሚባለው ተሐዋስ በዶሮ ዘንድ ይበዛል። ዴሬክ ሄዲና ካሌ ሂርቮነን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በኢትዮጵያ ገጠር የተሰበሰበ ጥናት መርምረው በ2016 ያሳተሙት ጽሑፍ አለ። ዶሮ ባለበት ቤት የሚያድጉ ልጆች ቁመታቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ዶሮው ከሰው ጋር በአንድ ቤት በሚያድርበት ግን የልጆቹ ቁመት ያነሰ ሆነ። እንቍላሉ የሰጠውን ኩሱ ይወስደዋል ማለት ነው። «ዶሮ አርቡ» ብሎ ጫጩት የሚያድል መሥሪያ ቤት፣ ከጫጩቱ ጋር የዶሮ ቤት አሠራር ካላስተማረ፣ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ይነሣል።

በዚህ ስፍራ ሽማግሌዎች የሚሰጡት መልስ የታወቀ ነው። «አባቶቻችን ከከብት ጋር አድረው ሰማንያ ዓመት ኖሩ» ይላሉ። እውነት ነው፤ ሰማንያ የኖሩት ይታያሉ፤ ተረት ያወራሉ፣ ይመርቃሉ። በሰባት ቀናቸው የሞቱት ግን አይታዩም፤ ብዙዎቹ ስም እንኳ ሳይወጣላቸው ተቀብረዋልና።

የሰባት ቀን ነገር የተነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው በሽታ ዘሩ በአፈርና በከብት፣ ይልቁንም በፈረስ አዛባ ውስጥ ይኖራል። ድርቀትና ፀሐይ አይገድሉትም፤ ለብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል። ኒኮላየር የተባለ የጀርመን ሐኪም ከአፈር የሚመጣ መሆኑን በ1884 አሳየ፤ ኪታሳቶ የተባለ የጃፓን ሊቅ ደግሞ በ1889 ተሐዋሱን ለይቶ አወጣው። ሕፃን ሲወለድ እትብቱ ባልጠዳ ምላጭ ሲቈረጥ ወይም በቍስሉ ላይ እበት ሲቀባ ዘሩ ይገባል። ልጁ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ደኅና ይጠባል፤ ሳምንት ሲሞላው መጥባት ይተዋል፣ አፉ ይገጥማል፣ ገላው ይገተራል፣ ይሞታል። በኬንያና በታንዛኒያ በሚኖሩ የማሳይ አርብቶ አደሮች ዘንድ እበት በእትብት ላይ የመቀባት ልማድ ነበረ። ልማዱን እንዲለውጡ ከራሳቸው ከማሳዮች ጋር በተመከረባቸው ስፍራዎች፣ በዚህ በሽታ የሚሞቱት ሕፃናት እጅግ እንዳነሱ በ2001 የታተመ ጥናት ያሳያል። ያ የተደረገው በመቀጫ አይደለም።

በኢትዮጵያ እናቶች በክትባት፣ ወላዶችም በንጹሕ አዋላጅነት እየተረዱ ሄደው፣ በ2017 የሕፃናት መንጋጋ ቆልፍ ሕዝብን የሚያሠጋ በሽታ ከመሆን መውጣቱ ተረጋግጧል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን የበሽታው ዘር ከአፈርና ከአዛባ አልጠፋም፤ ሊጠፋም አይችልም። ክትባቱና ንጹሕ ምላጩ በቀረ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። በየወረዳው ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው ክትባት አለመቋረጡን የሚጠይቅ ሹም፣ ሐኪም ባይሆንም የሐኪም ሥራ ይሠራል።

የደረቀ አዛባም ምንም አያደርግም ማለት አይቻልም። በሆላንድ አገር ከ2007 እስከ 2010 ድረስ ኪው ፊቨር የሚባለው የፍየል በሽታ በአቧራና በነፋስ ከፍየል ማርቢያዎች እየወጣ ከ4,000 በላይ ሰዎችን አሳመመ፤ መንግሥቱም የተበከሉትን ማርቢያዎች እርጕዝ ፍየሎች አሳረደ። ፍየል በወለደችበት በረት ውስጥ የደረቀውን በጠጥ የሚጠርግ ሰው አስቀድሞ ውሃ ይርጭበት፤ አፉንና አፍንጫውንም ይሸፍን። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ይህን ሥራ አትሥራ። ስለ ኩበት ጢስም ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ የዓለም የጤና ድርጅት በቤት ውስጥ በሚነድ ማገዶና በመሰለው ጢስ በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች በዓለም እንደ ሞቱ ገምቷል፤ ከነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዐምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ማገዶ ያጣችን ሴት ኩበት አታንጂ ማለት ግን እንጀራ አትጋግሪ ማለት ነውና፣ ነገሩ የሚጀምረው ዛፍ ከመትከልና ጢስ የሚያወጣ ምድጃ ከመሥራት ነው።

የተዛቀው አዛባ የት ይሂድ የሚለው ጥያቄ መልስ ካላገኘ ሁሉም ወደ ሸለቆው ይመለሳል። የቤት ዝንብ በእርጥብ አዛባ ላይ እንቍላሏን ከጣለች፣ በሞቃት ወራት በዐሥር ቀን ያህል ውስጥ ዝንቡ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። ስለዚህ በደጅ ያለው አዛባ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢነሣ የዝንቡ ትውልድ ይቋረጣል። የተነሣውም ከቤቱና ከምንጩ በታች ባለ ስፍራ፣ ከገለባና ከቅጠል ጋር እየተነባበረ ይከመር፤ ከላዩም ይሸፈን። ክምሩ በደንብ ከተሠራ በውስጡ ይግላል። ሙቀቱ ቢያንስ 55 ዲግሪ ሆኖ 15 ቀን ከቆየና በዚያ ጊዜ ውስጥ ዐምስት ጊዜ ከተገላበጠ ተሐዋስያኑ ይሞታሉ፤ የአሜሪካ መንግሥት ለኦርጋኒክ እርሻ ያወጣው ደንብ ይህን ያዛል። ያልበሰለ አዛባ በተበተነበት መሬት የበቀለውንም፣ አፈር የሚነካ ከሆነ፣ 120 ቀን ሳይሞላ እንዳይሰበሰብ ይኸው ደንብ ይከለክላል። የሙቀት መለኪያ የሌለው ገበሬ ረዘም ያለ ብረት በክምሩ መካከል ሰክቶ ጥቂት ቆይቶ ያውጣው፤ በእጁ ይዞ መቆየት ካልቻለ ክምሩ እየሠራ ነው። እንዲህ የበሰለ ፍግ ሽታው ይጠፋል፣ ዝንብም አይሰበስብም፣ በማሳ ላይም ከጥሬው ይሻላል። በኦሪት ሕግ የመሥዋዕቱ ኮርማ ፈርስ ከሰፈር ውጭ እንዲወጣ መታዘዙን ካህናት ሁሉ ያውቃሉ፤ በሰንበት ከዐውደ ምሕረት ላይ ቢናገሩት ከሹም አዋጅ ይልቅ የሚሰማ ጆሮ ያገኛል።

እንግዲህ ሹሙ ወደ መንደር በወረደ ጊዜ የተጠረገ ደጅ ለማየት ከሚጠይቅ ወደ ምንጩ የሚመራው ሰው ይጠይቅ። ከበቅሎው ወይም ከመኪናው ወርዶ በእግሩ ከምንጩ በላይ ወዳለው ዳገት ይውጣ፤ ዝናም ሲዘንም ጎርፉ የሚመጣበትን መንገድ እስከ መነሻው ይከተለው። በመንገዱ ላይ አዛባ ባገኘ ጊዜ የማን ነው ብሎ ከመጠየቁ በፊት ለምን እዚያ እንደ ተጣለ ይጠይቅ፤ የሚሰማው መልስ ብዙ ጊዜ ስለ ሌባ፣ ስለ ገንዳ ማጣት፣ ወይም እርሱ ራሱ ስላዘዘው ጠረጋ ይሆናል። ቦዩ የሚቈፈረውና አጥሩ የሚታጠረው መሬቱ ሳይረጥብ፣ ገበሬውም በእርሻ ሳይጠመድ በየካቲትና በመጋቢት ነው። ሰኔ ከገባ በኋላ የሚላክ ትእዛዝ የሚደርሰው ከጎርፉ በኋላ ነው።